የተጨማደደችው አተር

ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የሞለኪዩላር ባዮሎጂና የዘረመል ትምህርት የመጀመሪያ ፈተናዋን ወድቃ፣ ለሁለተኛው ለመዘጋጀት በቅርቡ ጥቂት ቀናት ቤት ከረመች። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድምጿ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከሳሎን ያለማቋረጥ ይሰማኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ የምትለው ሁሉ ትክክል ነው፤ የኢንዛይሞቹ ስም፣ ሦስቱ የማቆሚያ ኮዶኖች፣ ሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች አንድም ሳይዛነፉ ይወርዳሉ። ከወደቀችበት የፈተና ወረቀት አንዱን ጥያቄ መርጬ፣ «በአንድ ጂን መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ፊደል ብትጎድል ምን ይሆናል?» አልኋት። የክስተቱን ስም ነገረችኝ። ብያኔውንም በእንግሊዝኛ በቃሏ አወረደችው። ምን እንደሚሆን ግን ልትነግረኝ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ እሱ ሀንድአውቱ ላይ የለም» አለችኝ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ዲግሪዬም ከባዮሎጂ ጋር አይተዋወቅም። ይሁን እንጂ ያን ሀንድአውት ገልጬ ሳነብ ያስደነቀኝ፣ የሳይንሱ ሰዎች ቃላታቸውን የተበደሩት ከእኛ ከጽሑፍ ወዳጆች ሰፈር መሆኑ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. አራት ፊደላት አሉት። ፊደላቱ ይገለበጣሉ፤ ግልባጩ ይነበባል፤ የተነበበውም ወደ ሌላ ቋንቋ፣ ወደ ፕሮቲን ቋንቋ፣ ይተረጎማል። ግድፈት አለ፣ አራሚም አለ። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ተማሪ እነዚህን ቃላት ቤተ ሙከራ ከመግባቱ አስቀድሞ ከተረት መጽሐፉ ያውቃቸዋል። የእኛ ተማሪ ግን ቃሉንም ነገሩንም በአንድ ቀን፣ ሁለቱም ባዕድ ሆነውበት ይገናኛቸዋል። ባዕዱን በባዕድ አስረዱት፤ ከመሸምደድ በቀር ምን ምርጫ አለው?

ስለዚህ አቋሜን ሳልሸሽግ ልናገር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሁን፣ በዚህ አልከራከርም። አንድ ተማሪ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለሌላ ሰው ያላስረዳውን ምዕራፍ «አጥንቼዋለሁ» ሊል አይገባውም። ያ ቋንቋ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ለነገሩ ለውጥ የለውም።

ያን ሌሊት ከማውቀው ጀመርሁ። ዋናው ሰነድ ከካዝና አይወጣም፤ ለመስኮቱ ሥራ የሚያስፈልገው ገጽ ብቻ ይገለበጣል፤ ሥራው ሲያበቃ ግልባጩ ይወገዳል። ዲ.ኤን.ኤ.ም እንዲሁ በህዋሱ አስኳል ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚወጣው አር.ኤን.ኤ. የተባለው ግልባጭ ነው፤ ግልባጩ ተነብቦ ፕሮቲን የሚሠራበት መስኮት ደግሞ ራይቦዞም። እህቴ ጥቂት አሰበችና፣ «ባክቴሪያ ግን ካዝና የለውም፤ አስኳል ስለሌለው ገና እየተገለበጠ ሳለ ይተረጎማል» ብላ አረመችኝ። በዚያ ሳምንት ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያው የራሷ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ ጎደለችው ፊደል ተመለስን። ራይቦዞም ግልባጩን የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ነው። በአሮጌው አጻጻፋችን ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብ ነበረን፤ እዚያ ግን የሚለይ ነገር የለም፤ ቆጠራው ብቻ ነው ያለው። ወረቀት ላይ «ሰላምአበባተራራ» ብዬ ጻፍሁና ሦስት ሦስት እየቆጠረች እንድታነብ ነገርኋት። ሰላም፣ አበባ፣ ተራራ። ቀጥዬ «ላ»ን ሰረዝሁ። ሰምአ፣ በባተ፣ ራራ። ሳቀች። የጠፋችው አንዲት ፊደል ናት፤ የፈረሰው ግን ከእርሷ ወዲህ ያለው ሁሉ ነው። መጨረሻ ላይ «ራራ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በአጋጣሚ ተርፏል፤ በህዋስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለው አጋጣሚ ብዙ ጊዜ ርኅራኄ የለውም። ከ64ቱ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ሦስቱ ማቆሚያ ስለሆኑ፣ በተዛባው ንባብ ውስጥ አንዱ ብቅ ይልና ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቋረጣል። «ጎድላ ሳይሆን ተለውጣ ብትሆንስ?» ብላ ራሷ ጠየቀች፤ ራሷም መለሰች፤ ያኔ የምትነካው አንዷን ቃል ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን የሜንዴል አተር ነው። ግሪጎር ሜንዴል በብርኖ ገዳም የአትክልት ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 አተር ሲያዳቅል የኖረ መነኩሴ ነበር። በአንዱ ሙከራው ከሁለተኛው ትውልድ 7324 ፍሬ ለቅሞ ቆጠረ፤ 5474ቱ ድቡልቡል፣ 1850ዎቹ የተጨማደዱ ሆኑ፤ ሦስት ለአንድ ግድም። ቆጣሪ ቆጣሪን ይወዳል መሰለኝ፣ ከገንዘብ ቆጠራ የማልርቅ ሰው ስለሆንሁ ይህ መነኩሴ ዘመዴ መሰለኝ። ለእህቴ ግን ሌላ ነገር ነገርኋት፤ ሜንዴል እ.ኤ.አ. በዚያው ቁጥር፣ በ1850፣ የመምህርነት ፈተና ተፈትኖ ወድቋል፤ በ1856ም ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1866 የታተመውን ሥራውን ዓለም ልብ ያለው በ1900 ሲሆን፣ እርሱ ከሞተ 16 ዓመት አልፎት ነበር።

ተማሪዎቻችን ይህን አተር የሚያውቁት በትልቅና በትንሽ «አር» ፊደል ነው። ትልቁ ያሸንፋል፣ ትንሹ ይሸነፋል፤ አበቃ። ለምን ያሸንፋል? ለምንስ ይጨማደዳል? እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ስኳርን ወደ ስታርች በመለወጡ ሥራ የስታርቹን ቅርንጫፎች የሚቀጥል ኢንዛይም አለ፤ በተጨማደደችው አተር ውስጥ ይህን ኢንዛይም በሚያዘው ጂን መካከል 800 ያህል ባዕድ ፊደላት ገብተዋል፤ ቁም ጸሐፊ በሚገለብጠው ገድል መካከል የሌላ መጽሐፍ ቅጠል እንደሰፋበት ማለት ነው። ኢንዛይሙ ሲበላሽ ስታርቹ ያንሳል፣ ስኳሩ ይበዛል፤ ስኳሩ ውኃ ስቦ ፍሬዋን ያሳብጣታል፤ ስትደርቅ ያ ውኃ ይወጣና ቆዳዋ ይጨማደዳል። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ደህና ከሆነ ግን የሚሠራው ኢንዛይም ለፍሬዋ ስለሚበቃ ድቡልቡል ትሆናለች። ማሸነፍና መሸነፍ የተባለው ይኸው ነው። በሀንድአውቱ ሞለኪዩላር ባዮሎጂው ምዕራፍ 3፣ ዘረመሉ ምዕራፍ 7 ነው፤ አንዲት አተር ሁለቱንም ይዛ ሳለች ተማሪው ሁለት ጊዜ ይሸመድዳል።

ሽምደዳን ጨርሶ የምነቅፍ አይደለሁም። ማቆሚያ ኮዶኖችን በቃል ካልያዙ በምን ይታወቃሉ? ነገር ግን በቃል መያዝን ከእኛ በላይ የሚያውቁት የአብነት ትምህርት ቤቶች እንኳ እዚያ ላይ አላቆሙም። ዳዊቱን በቃሉ የወጣ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይቀርባል እንጂ የትናንቱን ይዞ አይቀርብም። ዘመናዊ ተማሪያችን ከዳዊቱ ወደ ቅኔው ሳይሻገር ይመረቃል። «ጊዜ የለም» ይሉኛል። እህቴ ለወደቀችበት ፈተና ሦስት ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ነቅታለች፤ ጊዜስ ነበር።

በማግስቱ እሑድ እናታችን ለክክ የሚሆን አተር በሰፌድ ትለቅም ነበር። እህቴ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እየለቀመች፣ ስለ መነኩሴውና ስለ ባዕዱ ቅጠል ነገረቻት። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ ከሰፌዱ አንዲት የተጨማደደች ፍሬ አነሣች።

«ይቺስ?»

«ሁለቱም ቅጂዎቿ የተበላሹባት ናት» አለች እህቴ በኩራት።

«የለም ልጄ፣ ይቺ ዝናብ አጥሯት ሳትደርስ የታጨደች ናት። ዘሯ ደህና ነው። አንቺ ይህንና ያንን በምን ትለያቸዋለሽ?»

እህቴ ዝም አለች። ወደ እኔ ብታይም የሚያድናት መልስ አልነበረኝም። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «እዘራታለሁ» አለች፤ «ልጆቿ ድቡልቡል ከሆኑ ጥፋቱ የዝናቡ ነው።»

«እንግዲያው ለይተሽ አስቀምጫት፤ ይህንን ቶሎ ጨርሺልኝ» አለቻት እናቴ፣ ሰፌዱን ወደ እርሷ ገፋ እያደረገች።