የቤት ኮምፒዩተር ከሰልፉ ጭራ

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ ወረቀቱ ላይ ስምንት ዕቃዎች በጥንቃቄ ተጽፈዋል፡፡ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ሚሞሪ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ማቀዝቀዣና ኬዝ፡፡ ከእያንዳንዱ አጠገብ ዋጋው በዶላር ሰፍሯል፡፡ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፡፡ የእግር ኳስ ጌም ይጫወታል፤ ጨዋታውንም በአማርኛ እየተረከ በኢንተርኔት በቀጥታ ማሰራጨት ይፈልጋል፡፡ “ጋሼ፣ አክስቴ ለገና ከሜሪላንድ ስትመጣ ታመጣልኛለች፤ አንተ ዝርዝሩን ብቻ እይልኝ” አለኝ፡፡

ገንዘቡን የሚከፍለው አባቱ ነው፡፡ አባቱ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ ለዚሁ ጉዳይ ያስቀመጠው 150 ሺሕ ብር ለዚያ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፡፡

የልጁ ዝርዝር መጥፎ አልነበረም፡፡ አንዳንድ ነገር አስተካክዬ መለስኩለት፡፡ በታኅሣሥ ወር ለመግዛት ስንቀመጥ ግን አንዱ መስመር አልሆን አለን፡፡ መስከረም ላይ 100 ዶላር አካባቢ የነበረው 32 ጊጋባይት ዲዲአር5 ሚሞሪ ከ300 ዶላር በላይ ሆኖ ጠበቀን፡፡ ልጁ የተሳሳተ ገጽ የከፈተ መስሎት ደጋግሞ አየው፡፡ አባቱ ደግሞ፣ “ዕቃው ያው ዕቃ ነው፣ ዶላሩም ያው ዶላር ነው፤ ታዲያ ምን ተፈጠረ?” ሲል ጠየቀኝ፡፡ ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ ስላልመሰለኝ መልሱን እዚህ ላይ ላስፍረው፡፡

ሚሞሪው ወዴት ሄደ?

የዓለምን የኮምፒዩተር ሚሞሪ አብዛኛውን የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፡፡ እነርሱም የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን ናቸው፡፡ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የሚፈልጉት ኤችቢኤም የተባለውን ልዩ ሚሞሪ ነው፡፡ ይህንንም የሚያመርቱት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፡፡ ማይክሮን ራሱ እንደገለጸው፣ እኩል መጠን ያለው ሚሞሪ ለማምረት ኤችቢኤም ከዲዲአር5 ሦስት እጥፍ ያህል የሲሊከን ዝርግ ይፈጃል፡፡ በሌላ አነጋገር ለመረጃ ማዕከል የሚሄደው እያንዳንዱ ጊጋባይት ከቤት ተጠቃሚው ድርሻ ሦስት ጊጋባይት ያህል ይወስዳል ማለት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ኦፕንኤአይ ከሳምሰንግና ከኤስኬ ሃይኒክስ ጋር የመጀመሪያ ደረጃ ስምምነት ሲፈራረም የተጠቀሰው መጠን በወር እስከ 900 ሺሕ ዝርግ የሚደርስ ነበር፡፡ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማይክሮን ለ29 ዓመታት “ክሩሻል” በሚል ስም ለግለሰቦች ሲሸጥ የቆየውን ሚሞሪና ኤስኤስዲ ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ፡፡ ምክንያቱንም አልደበቀም፡፡ አቅርቦቱን ከፍተኛ ዕድገት ላለው ገበያ፣ ማለትም ለመረጃ ማዕከላት፣ ለማዋል ነው፡፡ አዲስ የሚሞሪ ፋብሪካ ገንብቶ ወደ ምርት ማስገባት ዓመታት ስለሚፈጅ እጥረቱ በአንድ ጀምበር የሚቃለል አይደለም፡፡

የግራፊክስ ካርዱም ታሪክ ተመሳሳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በተዘጋው የበጀት ዓመት ኤንቪዲያ ካገኘው 10.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ 5.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ከጌም የመጣ ነበር፡፡ በጥር 2025 በተዘጋው ዓመት ጠቅላላ ገቢው 130.5 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ ከጌም የመጣው 11.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው፡፡ ከጌም የሚያገኘው ገንዘብ በእጥፍ አድጓል፤ ድርሻው ግን ከግማሽ ወደ 9 በመቶ ገደማ ወርዷል፡፡ ትናንት ዋና ደንበኛ የነበረው ተጫዋች ዛሬ ከሰልፉ ጭራ ላይ ቆሟል፡፡

“ይህም እንደ ክሪፕቶው ጊዜ ያልፋል” የሚሉ አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ካርዶቹን ክሪፕቶ አምራቾች ጠራርገው ይገዙ ነበር፡፡ በመስከረም 2022 ኢተሪየም አሠራሩን ሲቀይር ግን እነዚያው ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ጎረፉ፤ ተጫዋቹም በርካሽ ሸመተ፡፡ የአሁኑ ግን ከዚያ ይለያል፡፡ ኤችቢኤም ከፕሮሰሰሩ ጎን አብሮ የሚታሸግ በመሆኑ፣ ነገ የመረጃ ማዕከላቱ ግለት ቢበርድ እንኳ ነቅሎ የቤት ማዘርቦርድ ላይ መሰካት አይቻልም፡፡ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ እስኪመልሱ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የለም፡፡

ብሩ ደግሞ በበኩሉ

አባቱ “ዶላሩም ያው ዶላር ነው” ቢልም፣ ለእኛ ዶላሩ ራሱ ያው አይደለም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፡፡ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፡፡ በ2018 ዓ.ም. 150 ብር አካባቢ ደርሷል፡፡ ስለዚህ ያኔ በ57 ሺሕ ብር ይገኝ የነበረው የ1 ሺሕ ዶላር ኮምፒዩተር፣ ዓለም ላይ ዋጋው ባይጨምር እንኳ፣ ዛሬ 150 ሺሕ ብር ነው፡፡ የአባቱ ደመወዝ በዚህ ጊዜ ውስጥ በዚያ ልክ አላደገም፡፡ የብዙዎቻችንም እንዲሁ፡፡ የሚሞሪው እጥረት የመጣው በዚህ ላይ ተደርቦ ነው፡፡

ምን መረጥን?

ከውጭ የሚለቀቁት የምክር ቪዲዮዎች ሁሉ የሚጀምሩት ከግራፊክስ ካርድ ነው፡፡ በኪሱ ልክ ትልቁን ካርድ ምረጥ፣ ሌላውን በቀረው ገንዘብ አሟላ ይላሉ፡፡ እኔ ግን ልጁን ያስጀመርኩት ከሌላ ጫፍ ነው፡፡ በጣም የጠበበው ነገር የትኛው ነው? መጀመሪያ እርሱን እንፍታ፡፡

የጠበበው ሚሞሪ ነበር፡፡ አባቱ የሚሠራበት ድርጅት ዊንዶውስ 11 መጫን ያልቻሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮቹን ለሠራተኞቹ ሸጦ ነበር፡፡ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷልና፡፡ አንዱ እነርሱ ቤት ተቀምጧል፡፡ ከፍተን ስናየው 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ሚሞሪ አለው፡፡ ዲዲአር4 ዲዲአር5 በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ አይገባም፡፡ ስለዚህ ሚሞሪውን ለማዘርቦርዱ ከመፈለግ ይልቅ ማዘርቦርዱን ለሚሞሪው ፈለግንለት፡፡ ኤኤም4 የተባለውን የኤኤምዲ መሰኪያ የሚጠቀም ቢ550 ማዘርቦርድና ባለ ስምንት ኮር ራይዘን 7 5700ኤክስ መረጥን፡፡

ልጁ አልወደደውም፡፡ “ጋሼ፣ ይኼ እኮ ያረጀ ነው፤ አዲሱን ኤኤም5 ብንገዛ ኤኤምዲ እስከ 2027ና ከዚያም በላይ እደግፈዋለሁ ብሏል” አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፡፡ የመረጥነው መንገድ ወደፊት የሚወስድ አይደለም፤ የአሮጌው ሚሞሪ ፍጥነትም ዝቅተኛ ነው፤ 16 ጊጋባይት ጌምና ሥርጭት አንድ ላይ ሲሠሩበት ይጠብባል፡፡ ነገር ግን የ300 ዶላሩ ልዩነት ከየት ይመጣል? የሚመጣው ከግራፊክስ ካርዱ ነበር፡፡ ይህን ስነግረው ዝም አለ፡፡

“ታዲያ ካርዱን እዚያው አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ለምን አንሰካውም?” ያለው አባቱ ነው፡፡ ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሰፕላያቸው አነስተኛ ነው፤ መሰኪያውም አምራቹ ለራሱ ብቻ የሠራው ስለሚሆን በሌላ መተካት ያስቸግራል፡፡

በግራፊክስ ካርዱ ላይ የታየኝ የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ነው፡፡ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ሲወጣ ባለ 8 ጊጋባይቱ በ379 ዶላር፣ ባለ 16ቱ በ429 ዶላር ነበር የቀረበው፡፡ ከሁሉም ዕቃ በኋላ ሊጨመርበት የማይችለው ይኸው ስለሆነ ባለ 16ቱን ያዝን፡፡ ለሥርጭቱ ሌላ ሁለተኛ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል የሚለውን የቆየ ምክር ደግሞ ከዝርዝሩ ሰረዝነው፡፡ የዛሬ ካርዶች ምስሉን የሚጨምቅ ለብቻው የተሠራ ክፍል ስላላቸው ጨዋታውን እምብዛም ሳይጫኑ ያሰራጫሉ፤ ሥርጭቱን የሚያቀናብረው ኦቢኤስ ስቱዲዮም በነፃ የሚገኝ ነው፡፡

ሌላው ጥበት ኢንተርኔቱ ነው፡፡ ጥራት ላለው ሥርጭት ትዊች የሚመክረው እስከ 6 ሺሕ ኪሎቢት በሰከንድ ነው፡፡ ይህ በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ይሆናል፡፡ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በወር 20 ቀን ቢያሰራጭ 162 ጊጋባይት ይወጣል፡፡ ይህን በሞባይል ጥቅል እየገዙ መቀጠል አይቻልም፤ የቤት መስመር ያስፈልጋል፡፡ መስመሩ ሲገባ መጠየቅ ያለበት ደግሞ የማውረጃው ሳይሆን የመጫኛው ፍጥነት ነው፡፡ የመጫኛው ፍጥነት ካነሰ ከሁሉ የተሻለው ካርድ እንኳ ተመልካቹ ዘንድ የሚያደርሰው የተቆራረጠ ምስል ብቻ ነው፡፡

የመጨረሻው መብራት ነው፡፡ ከዓመታት በፊት “500 ዋት” የሚል የተለጠፈበት ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ እርሱም ማዘርቦርዱም አብረው ተቃጥለውብኛል፡፡ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ከታወቀ አምራች እንዲሆን አልተደራደርኩም፡፡ ከአሜሪካ ለሚመጣ ዕቃ አንድ ማሳሰቢያ አለ፡፡ ጀርባው ላይ “ከ100 እስከ 240 ቮልት” የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ፡፡ የቮልት መምረጫ ማብሪያ ካለው ደግሞ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ይዙር፡፡ ዩፒኤሱን ከዚሁ ከመገናኛ ገዛን፡፡ 650 ቪኤ የተጻፈበት 650 ዋት ይሸከማል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 በመቶ አይበልጥም፡፡ ኬዙም ሻንጣ የሚሞላ ቆርቆሮ ስለሆነ ከዚሁ ተገዛ፡፡

ከአንድ ቤት ባሻገር

አንባቢ “ይህ ሁሉ ለጌም ነው?” ሊል ይችላል፡፡ ነገር ግን ይኸው ማሽን ቪዲዮ ያቀናብራል፣ የሕንፃ ንድፍ ያወጣል፣ ፕሮግራም ይጽፋል፡፡ በእኔ ዕድሜ ያሉ ብዙ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሙያውን የጀመሩት ከፍተው ባበላሹት የቤት ኮምፒዩተር ነው፡፡ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሦስት ዓመት 5 ሚሊዮን ወጣቶችን ለማሠልጠን የተጀመረው የኮደሮች መርሐ ግብር በጎ ነገር ነው፡፡ ትምህርቱ በነፃ ይሰጣል፡፡ ሠልጣኙ የተማረውን የሚሠራበት ማሽን ግን በነፃ አይሰጥም፤ ዋጋውም መርሐ ግብሩ ከተጀመረበት ወር ወዲህ እኛን የሚሸሸው ከሁለት አቅጣጫ ነው፡፡

የምንዛሪውንም ሆነ የሚሞሪውን ገበያ እኛ አናዝበትም፡፡ በእጃችን ያለ ነገር ግን አለ፡፡ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ዊንዶውስ 11 አልጭን ያሏቸውን ኮምፒዩተሮች በየመጋዘኑ ከምረዋል፣ ወይም በቁርጥራጭ ዋጋ በጨረታ ይሸጣሉ፡፡ በብዙዎቹ ውስጥ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ሚሞሪ አለ፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ከቁብ የማይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ገንዘብ ነው፡፡ ኮምፒዩተሮቹ ከመሸጣቸው በፊት መረጃቸው በወጉ ጠፍቶ፣ የሚሠራው ተለይቶ፣ ነፃ በሆነው ሊኑክስ ተጭኖ ለትምህርት ቤቶች ቢተላለፍ የሚጠይቀው የጥቂት ቴክኒሺያኖችን ጉልበትና የንብረት አወጋገድ ውሳኔን ብቻ ነው፡፡ ውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፡፡

የገና ማግስት ኮምፒዩተሩን ሳሎን ወለል ላይ ገጣጠምነው፡፡ ልጁ በሳምንቱ የመጀመሪያውን ሥርጭት ጀመረ፡፡ ተመልካቹ 11 ሰው ነበር፤ ሦስቱ እኛ ነን፡፡ በሁለተኛው አጋማሽ መብራት ሄደ፡፡ ራውተሩንም ከዩፒኤሱ ጋር አያይዘነው ስለነበር ተመልካቾቹን ተሰናብቶ ለመዝጋት ጊዜ አገኘ፡፡

በጨለማው ውስጥ አባቱ ስለ ታናሽ ልጁ ጠየቀኝ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ላፕቶፕ ያስፈልጋታል፡፡ “አሁን ልግዛ ወይስ ይቀንስ ይሆናል ብዬ ልጠብቅ?” አለኝ፡፡ ማሽኑ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ አትጠብቅ፣ ከመግዛትህ በፊትም ሚሞሪው ኋላ የሚጨመርበት መሆኑን ጠይቅ፣ የማይጨመርበት ከሆነ 16 ጊጋባይት ካለው በታች አትውሰድ አልኩት፡፡ ስልኩን አውጥቶ በባትሪው ብርሃን ማስታወሻው ላይ ጻፈው፡፡