ስለ ልጆች የትምህርት ምርጫና በትንሽ ከተማ ስለሚገኝ ሥራ

ከዚህ ቀደም በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ልጅ አድጎ፥ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሶ፥ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ በየቤቱ የሚነሣውን ክርክር ነው፤ ይኸውም ልጁ ምን ይማር? ተምሮስ የት ይሥራ? የሚለው ነው። ስለ ትልቁ ከተማ ስለ አዲስ አበባ የሚናገር ብዙ ነው፤ ስለ ትንንሾቹ ከተሞች የሚናገር ግን ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ ሳምንት የደብረ ብርሃንን ነገር እንደ ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ለዚህ ያነሣሣን አንድ ደብዳቤ ነው። በደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንድ አባት እንደ ጻፉልን ሴት ልጃቸው የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት በመልካም ውጤት ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። እርሳቸው ሲቪል ምህንድስና እንድትማር ይወዳሉ፤ የመሐንዲስ አባት መባል ደስ እንደሚያሰኛቸውም ሳይሸሽጉ ነግረውናል። ባለቤታቸው ፋርማሲ ተምራ ከቤትዋ ሳትርቅ እንድትሠራ ይፈልጋሉ። ልጅቱ ግን ከልጅነትዋ ጀምራ ከየወንዙ ድንጋይ ስትሰበስብ ያደገች ናትና ጂኦሎጂ፥ ማለት የመሬትና የድንጋይ ትምህርት፥ ካልሆነ ሌላ አልማርም ትላለች። «ሦስታችንም ተኰራርፈን ተቀምጠናልና ፍረዱን» ይላሉ አባት።

በሰው ቤት ገብቶ መፍረድ የጋዜጣ ሥራ አይደለም። ሆኖም የከተማዪቱን ነገር አስቀድመን ብንመለከት ከሦስቱ የማን ሐሳብ ከምኞቱ ጋራ እንደሚስማማ፥ የማንስ ሐሳብ ከራሱ ምኞት ጋራ እንደሚጣላ መለየት ይቻላል።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሯት፥ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ ብርድዋ የታወቀ የደጋ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዎችዋ 65,231 ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍታለች። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመባት። ቀድሞ ስሟ ይጠራ የነበረው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት። በአገሩ የሚበቅለውን ገብስ የሚቀበል የብቅል ፋብሪካም ቆሞላታል።

ይህን ሁሉ ጭስና ግንብ ያየ ወላጅ «እንግዲህ ለተማረ ልጅ ሥራ ሞልቷል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ፋብሪካ በአንድ ከተማ መቆሙና የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት በዚያው ከተማ መሆኑ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ መኪናው፥ ጋኑና የቀን ሠራተኛው በትንሹ ከተማ ይሆናል፤ የገበያው፥ የገንዘቡና የሰው ቅጥሩ ክፍል ግን በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በፋብሪካው አጥር ሥር ያደገ የማኔጅመንት ተመራቂ ለዚያው ፋብሪካ ለመቀጠር ማመልከቻውን ይዞ 130 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በከተማው ውስጥ የሚፈለገው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የኤሌክትሪክና የመካኒክ ባለ ሙያ፥ መኪና ሲቆም በሌሊት ተነሥቶ የሚጠግን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት በደረጃ 3 ወይም በደረጃ 4 የወጣ፥ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የእኛ ሰው በእጅ የሚሠራ ሥራን ሲንቅ የኖረ መሆኑን መካድ አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ስድቡ ዛሬ ከአፍ ጠፍቷል፤ ከምርጫ ቅጹ ላይ ግን አልጠፋም። ልጁ ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚወድ መሆኑን እያወቀ «ዲግሪ ሳይዝ ሰው ፊት አይቆምም» የሚል አባት ብዙ ነው። በኋላም ልጁ ዲግሪውን ይዞ፥ ሰው ፊት ሳይቆም፥ በቤት ተቀምጦ ሲታይ አባትየው የሚያዝነው በልጁ ነው።

የዲግሪም ነገር ቢሆን ዘመኑ ተለውጧል። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶው 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና የቴክኖሎጂ፥ 30ው የማኅበራዊ ትምህርት እንዲማሩ ወስኖ ነበር። አገር መንገድና ፋብሪካ ያስፈልጋታልና አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ተማሪው ከፋብሪካው ይልቅ ፈጥኖ በዛ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ተመራቂዎች በየከተማው ድንጋይ እየጠረቡ ኰብልስቶን ሲያነጥፉ ማየት የተለመደ ነገር ሆነ። ሥራው ክቡር ነው፥ ከተሞቻችንንም ከጭቃ አውጥቷል፤ ይሁን እንጂ ለእርሱ 4 ወይም 5 ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም ነበር። ሐኪም የሆነ ሁሉ ወዲያው በዕጣ ተመድቦ ሥራ የሚይዝበት ዘመንም አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ አስቀድሞ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ማግኘት ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ የትምህርት ክፍል በስሙ ብቻ ተመርጦ የሚያስከብርበት ጊዜ አይደለም።

ታዲያ በትንሽ ከተማ ሥራንና ትምህርትን የሚያገናኘው ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት የሚቈጠረው ነገር የደጃፉ ብዛት ነው። ሒሳብ አያያዝ የተማረን ሰው የሚቀጥር ባንኩ ነው፥ ሆስፒታሉ ነው፥ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፥ ፋብሪካው ነው፥ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው፥ ትልልቁ ነጋዴም ነው። አንዱ ቢዘጋበት ሌላውን ያንኳኳል። የኬሚካል ምህንድስና የተማረ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ከተማ የሚያንኳኳው ደጃፍ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ በእያንዳንዱም ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው አለ፥ ያ ሰውም ገና ወጣት ነው። በአዲስ አበባ ቢሆን ሰው ይሾማል፥ ይሻራል፥ አዲስ ድርጅት ይከፈታል፤ በትንሽ ከተማ ግን አንድ ወንበር እስኪለቀቅ ዐሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ደጃፉ ብዙ ነው ማለት ግን ደጅ ጠኚው ጥቂት ነው ማለት አይደለም፤ የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ በየከተማው እጅግ ብዙ ነውና።

በከተማው ሰሌዳ የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንዲት ትንሽ ሐረግ ያገኛል፤ «ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» ትላለች። ይህች ሐረግ ስንቱን ቤት እንዳበላች ስንቱንም እንዳስራበች ጸሓፊዎቹ ያውቁት ይሆን? አካውንቲንግ፥ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ በእርስዋ ጥላ ሥር እየተደጋገፉ ይገባሉ። ስሙ ረዥምና አዲስ የሆነ የትምህርት ክፍል ግን በሰው ሀብት ሹሙ ዝርዝር ውስጥ ካልተጻፈ፥ ትምህርቱ ምንም ያህል የቀረበ ቢሆን፥ ማመልከቻው ሳይነበብ ይመለሳል። ኬሚስትሪ ወይም ሒሳብ ተምሬ ቢቸግረኝ አስተማሪ እሆናለሁ የሚልም በመምህርነት ካልሠለጠነ በቀር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባት የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ጨምሮ መያዝ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይወቅ። ወላጆች ልጃቸው የትምህርት ክፍል ከመምረጡ በፊት እነዚህን ማስታወቂያዎች ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ቢከታተሉና ቢመዘግቡ ከጎረቤት ምክር ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ።

አባት የወደዱት ሲቪል ምህንድስና በደብረ ብርሃን ደጃፍ የለውም አይባልም፤ ማዘጋጃ ቤቱ፥ የመንገድና የውሃ መሥሪያ ቤቶች፥ ሥራ ተቋራጮችም አሉ። ነገር ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ በር የተሰለፈው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ደግሞም መሐንዲስ ሥራው ባለበት የሚኖር ሰው ነው፤ መንገዱ ወደ መንዝ ሲሄድ እርሱም ይሄዳል፥ ድልድዩ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ከከተማው አልወጣም ያለ መሐንዲስ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ እኒህ አባት ልጃቸው አጠገባቸው ሆና በመሐንዲስነት እንድትከበር ከፈለጉ ሁለቱ ምኞቶቻቸው እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ልጅቱም ደግሞ ትምህርቱን አትወደውም። ቅር አይበልዎትና፥ ጌታዬ፥ ከሦስቱ ምርጫዎች ይህን የመጨረሻ እናደርገዋለን።

የወይዘሮዪቱ ሐሳብ ከምኞታቸው ጋራ ይስማማል። ፋርማሲ 5 ዓመት የሚፈጅ ከባድ ትምህርት ነው፥ ከዚያም በኋላ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለው። ነገር ግን ሆስፒታሉ፥ ጤና ጣቢያዎቹና በየመንገዱ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ባለ ሙያ ይፈልጋሉ፤ መድኃኒት ቤት ያለ ባለ ሙያ መክፈት አይፈቀድምና። ቀጣሪ ቢታጣ እንኳ ገንዘብና ቤት ያለው ዘመድ ከተገኘ የራስን መክፈት ይቻላል። ልጃችን ከከተማችን አትውጣ የሚል ቤተ ሰብ ሊመርጠው የሚገባ ትምህርት እንዲህ ያለው ነው።

ጂኦሎጂስ? በደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ደጃፍ በጣት የሚቈጠር ነው። ሥራው ያለው ውሃ በሚቈፈርበት በረሓ፥ ወርቅ በሚወጣበት በጉጂና በቤኒሻንጉል፥ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በሚፈለግበት ገደል ነው። ሆኖም አንድ ነገር እንጨምር፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው በሰሜን ሸዋ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር የሚሠራ ነውና ድንጋዩን መርምሮ ይህ ይሆናል ያ አይሆንም የሚል ሰው ያስፈልገዋል። እንግዲህ ደጃፉ ከከተማው አጥር ውጭ ነው እንጂ ከአገሩ ውጭ አይደለም። በዚህ ትምህርት በየዓመቱ የሚቀጠረው ሰው ጥቂት መሆኑን ልጅቱ ማወቅ አለባት። ነገር ግን ከብዙው ሰው መካከል ተመርጦ የሚቀጠር ሥራውን ወዶ የሚሠራ ነው፤ በሚጠላው ትምህርት 5 ዓመት የተጐተተ ልጅ ከመውጫ ፈተናው በር ላይ የሚቀርበትን ጊዜ ደግሞ አይተናል።

ስለዚህ በዚህ ቤት ውስጥ መቈረጥ የሚገባው ነገር ከትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ ልጅቱ ከከተማው ትወጣለች ወይስ አትወጣም? የሚለው ነው። ትወጣለች ከተባለ ጂኦሎጂን ትማር። አትወጣም ከተባለ ፋርማሲን ትማር፤ ግን ይህን ውሳኔ ወላጆች በእርስዋ ላይ የጣሉት እንደ ሆነ የድንጋይዋን ነገር ያስተዋት የትምህርቱ ከንቱነት ሳይሆን የእነርሱ ፍርሃት መሆኑን በግልጥ ይንገሯት። ፍርሃቱም ምክንያት የሌለው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን ሁሉ ያሳሰበ ነው፤ ልጁ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ እህል የማይበላ ወላጅ ጥቂት አይደለም። እኛ ከሩቅ ሆነን አይዞአችሁ ብንል ዋጋ የለውም። ነገር ግን ትምህርቱ አራት ዓመት የሚፈጅ ነው፤ ዛሬ የሚመረጠው ለዛሬው መንገድ ሳይሆን ከምረቃ በኋላ ላለው መንገድ ነው።

ልጅቱም ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ብታደርግ እንወዳለን። በዚያው በዩኒቨርሲቲዋ ወይም በአቅራቢያዋ ካሉት የጂኦሎጂ ተመራቂዎች ሦስቱን ፈልጋ፥ ዛሬ የት እንዳሉና ሥራ እስኪያገኙ ስንት ወር እንደ ቈዩ ትጠይቅ፤ የሰማችውንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ ለአባትዋ ታስረዳ። አባትም በበኩላቸው ሁለት ወይም ሦስት ወጣት መሐንዲሶችን ቡና ጋብዘው ይጠይቁ።

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ በግርጌው ወይዘሮዪቱ በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጨምረዋል፤ «ልጄ ከወንዶች ጋራ በበረሓ በድንኳን ልታድር ነውን?» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር፥ አዎን፥ አንዳንድ ጊዜ በድንኳን ታድራለች። ዛሬ በዚህ ሙያ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ ለብቻቸው ማደሪያ ይሰጣቸዋል ወይስ አይሰጣቸውም የሚለውን ቅጥሩን ከመቀበል በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይጠየቅ። ብርዱን በሚመለከት ግን የደብረ ብርሃን እናት ለልጅዋ የምትሸክፈው ብርድ ልብስ አታጣም።