አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉ ማካፈል

በአጣዬ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ወፍጮ አይተክልም፤ አንዱ ወፍጮ ለሰፈሩ ሁሉ ይፈጫል። በጃቫስክሪፕት የኮምፒውተር ፕሮግራም የምንጽፍ ተማሪዎችም ይህንኑ ልማድ ልንከተል ይገባናል እላለሁ።

የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚለውጠውን ስሌት ለምሳሌ እንውሰድ። ይህን ስሌት በተማሪዎች መዝገብ፥ በፈተና መርሐ ግብርና በምስክር ወረቀት ፕሮግራም ላይ እየገለበጡ መለጠፍ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. እንደ ሆነው ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን መሆኗ ከስሌቱ ተረስቶ ቢገኝ፥ አንዱ ታርሞ ሁለቱ ሳይታረሙ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚያች ቀን የተወለደ ልጅ የትውልድ ቀኑ በመዝገቡና በምስክር ወረቀቱ ይለያይበታል፤ ወላጁም ይጉላላል።

መድኃኒቱ ቅርብ ነው። የቋንቋው ደንብ ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሞጁልን ስለ ደነገገ፥ ስሌቱ በአንድ ፋይል ተጽፎ «ኤክስፖርት» በሚለው ቃል ይሰጣል፤ ሌሎቹም «ኢምፖርት» ብለው ይቀበሉታል። ያልተሰጠው የውስጥ ሥራ ለሌላው አይታይም።

«የጋራው ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስለዚህ የጋራውን አብልጠን እንመርምር። ደግሞም የጋራ ስሕተት ቶሎ ይታያል፤ አንድ ጊዜ ሲታረምም ለሁሉ ይታረማል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከመገልበጥ ይልቅ ማካፈልን እንምረጥ።