ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ

ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ማኖር ለብዙ ሰው የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። እኔም በተማሪነቴ ጊዜ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሣጥን ነበረኝ። ዓሦቹ እንዳይራቡ ብዬ ጧትና ማታ መኖ እበትንላቸዋለሁ፤ ሣጥኑም እንዲያምር ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ እንዲያገኘው አድርጌ ነበር። ወር ሳይሞላ ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ። መስተዋቱን ፋቅሁ፤ በሳምንቱ ተመለሰ። ደግሜ ፋቅሁ፤ ደግሞ ተመለሰ።

ነገሩ የሚገባው አንድ ጓደኛዬ አይቶ ሳቀና፥ «ዋቅላሚውን በአንድ እጅህ ትፍቃለህ፥ በሌላው እጅህ ትቀልባለህ» አለኝ። ዋቅላሚ ማለት አልጌ የሚባለው የውሃ አረንጓዴ ነው። የተረፈው መኖና የዓሣው ኩስ ሲበሰብስ ናይትሬትና ፎስፌት ይወጣዋል፤ ይህም ከፀሐይ ብርሃን ጋራ ሲገናኝ ለዋቅላሚው ድግስ ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰም ቆሻሻው ከጥግ ይረጋል፥ ለዓሣውም አየር ያንሰዋል። ስለዚህ መኖውን ቀነስሁ፤ ሣጥኑን ከመስኮቱ አራቅሁ፤ በየሳምንቱ ከውሃው አምስተኛውን እየቀዳሁ በንጹሕ ተካሁ፤ ውሃውን የሚያዟዙር ትንሽ ፓምፕም አገባሁ። ሣጥኑ ጠራ። የባሕር ኮራል በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ዘወትር የሚደክሙትም ለእነዚሁ ነገሮች ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ተራ ነገር ያነሣሁት በጣም የሚበልጥ ሣጥን ስላለን ነው፤ ይኸውም ጣና ነው። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ የገባበትን ነገር በቀላሉ አይሸሽግም።

በክረምት ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ ወደ ጉና የተመለከተ ሰው የዚህን ሣጥን መኖ በዓይኑ ያያል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከዚያ ተራራ ርብና ጉማራ ይነሣሉ፤ የፋርጣን ማሳ አጥበው፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፥ ቀይ ሆነው ጣና ይገባሉ። ቀዩ ነገር አፈር ነው። በአፈሩም ውስጥ ፍግ አለ፥ ገበሬው በገንዘቡ የገዛው ማዳበሪያ አለ። የየከተማው ፍሳሽ ደግሞ ይጨመርበታል።

እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁ ዳር ሕዝብ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ መኪናም መጥቷል። ያ ድካም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እምቦጭ ዋቅላሚ ባይሆንም ምግባቸው አንድ ነው፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ውሃውን ሲሸፍነውም እንቅስቃሴውን ያግዳል፥ ከሥሩ ላለው ዓሣ አየር ይከለክላል። ከላይ መኖው ሳይቋረጥ ከታች መንቀል፥ እኔ መስተዋት እንደፋቅሁት መሆኑ ነው።

«ታዲያ ገበሬው ማዳበሪያ ይተው ወይ?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አይደለም። ማዳበሪያውና አፈሩ ሲታጠቡ ከሁሉ በፊት የሚከስረው እርሱው ራሱ ነው። የጉና ገበሬ እርከን ቢሠራ፥ ቦረቦሩ ቢደፈን፥ በወንዙ ዳር ሳርና ዛፍ ቢተው፥ ገብሱና ድንቹ ይጠቀማሉ፤ ጣናም ይጠቀማል። በክረምት ለመራባት ጉማራንና ርብን ሽቅብ የሚወጡት የጣና ዓሦችም ያልደፈነ መንገድ ያገኛሉ።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ የጀመራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የእናንተ ድርሻ ይህ ነው። ስንት ሄክታር እምቦጭ ተነቀለ ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ፥ ከጎኑ በላይኛው አገር ስንት እርከን ተሠራ፥ ስንቱስ ክረምቱን ችሎ ቆመ የሚል ዓምድ ጨምሩበት። ደቡብ ጎንደር ተራራውንም የሐይቁንም ዳር በአንድነት የያዘ አገር ስለሆነ፥ የላይኛውና የታችኛው ወረዳ ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ሩቅ መንገድ የለባቸውም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለምሳሌ ነበር። በጣና ላይ ግን ቃሉ እንዳለ ሥራ ነው፤ የነገሩ ሥር ያለው ጉና ላይ ነውና።