«ኒያችን ጥሩ ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ ከአውስትራሊያ አንድ ታሪክ ይዘን መጥተናል። አገሩ ሩቅ ነው። ጉዳዩ ግን ጠዋት ተነስቶ ሥራ ፍለጋ ለሚወጣ ወጣት ሁሉ ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ በ2009 መጀመሪያ ዓለም በገንዘብ ቀውስ ተናግታ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ መንግሥት ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት 42 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ከዚያ ውስጥ ከሁለት ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ለአንድ ሥራ ተያዘ፦ በመኖሪያ ቤቶች ኮርኒስ ላይ ሙቀትና ብርድ የሚከላከል ንጣፍ ማንጠፍ። ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል፣ የቤቱ ባለቤት የመብራት ክፍያው ይቀንስለታል፣ ሥራ ያጣ ወጣት ሥራ ያገኛል። ኒያው ያማረ ነበር፤ ይህንን አንክድም።

ችግሩ ጥድፊያው ነው። ዕቅዱ በፌብሩዋሪ ታወጀ፤ በጁላይ 1 በሙሉ አቅሙ ጀመረ። ገንዘቡን ያዩ ድርጅቶች በሺዎች እየተመዘገቡ ገቡ፤ ብዙዎቹ ሥራውን ከዚያ በፊት አያውቁትም። መጀመሪያ የታሰበው ኮርኒስ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ እንዲሠለጥን ነበር። በኋላ ግን «ተቆጣጣሪው ከሠለጠነ ይበቃል» ተባለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ የፈሰሰው ግን ተመልሶ የማይለቀም ነበር።

አራት ወጣቶች ሞቱ። ዕድሜያቸው 16፣ 19፣ 22 እና 25 ነበር። ሦስቱን ኤሌክትሪክ ገደላቸው፤ አንዱ በጣሪያ ሥር ባለው ከባድ ሙቀት ሞተ። የ16 ዓመቱ ልጅ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንታት ብቻ ነበሩት። ከ200 በላይ ቤቶችም እሳት ተነሳባቸው።

አደጋው እንዴት ደረሰ? አንዱ የንጣፍ ዓይነት አሉሚኒየም ፎይል ነው። ሠራተኛው ፎይሉን በብረት ስቴፕል ከእንጨቱ ጋር ይመታዋል። ስቴፕሉ ከሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከበሳው ኮርኒሱን የሸፈነው ፎይል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ልጁ የተንበረከከው ደግሞ እሱው ላይ ነው።

ይህ አስቀድሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ በ2007 በጎረቤት ኒውዚላንድ ሰዎች በዚሁ ፎይል ሞተዋል፤ ማስጠንቀቂያውም ገና ዕቅዱ ሳይጀመር ለባለሥልጣናት ደርሷቸው ነበር። የብረት ስቴፕል የተከለከለው ግን ከመጀመሪያው ሞት በኋላ ነው። ያኔም ፎይሉን አላስቆሙትም። በፌብሩዋሪ 2010 ሌላ ወጣት በፎይል ሥራ ላይ ሞተ፤ ፎይሉ የታገደው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ወር ዕቅዱ በሙሉ ተዘጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ያኔ ክርክሩ ተጀመረ። «የሠራተኛ ደህንነት የአሠሪው ኃላፊነት ነው፤ ቁጥጥሩ ደግሞ የክልሎች ሥራ ነው» ተባለ። እውነት ነው፣ አሠሪዎቹ አጥፍተዋል፤ ፍርድ ቤት የቀጣቸውም አሉ። ነገር ግን እነዚያን አሠሪዎች በገንዘቡ የጠራቸው ማን ነው? ቀኑን ያሳጠረው፣ የሥልጠናውን ግዴታ ያላላው ማን ነው? መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ቁልፍ ሰጥቶ «ፍጠን» ያለ ሰው፣ መኪናው ሲገለበጥ «የነዳሁት እኔ አይደለሁም» ቢል ማን ይቀበለዋል?

በ2014 በኢያን ሃንገር የተመራው ሮያል ኮሚሽንም ሪፖርቱን ሲያወጣ ዕቅዱ በአግባቡ ተነድፎና ተመርቶ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሞቶች ባልደረሱ ነበር የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። የፌዴራል መንግሥቱ ደህንነቱን ለክልሎች ትቶ መቀመጡም ስህተት እንደነበር ገለጸ። ኬቨን ራድ ራሳቸው ቀርበው እንደ ጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው የመጨረሻው ኃላፊነት የእሳቸው መሆኑን ተቀበሉ። ይህ ሊመሰገን ይገባል፤ ግን ቤተሰቦቹ አራት ዓመት ጠብቀዋል።

ከእኛ መካከል «ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አጀል በአላህ እጅ ነው፤ በዚህ እናምናለን። ግን ቀደር የሟች ቤተሰብ መጽናኛ እንጂ የአጥፊ መደበቂያ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኢራቅ ምድር አንዲት እንስሳ ብትደናቀፍ «መንገዱን ለምን አላስተካከልክላትም» ተብለው እንዳይጠየቁ ይፈሩ እንደነበር ይነገራል። «ቀደሯ ነው» አላሉም። እንስሳ እንዲህ ከተፈራላት ለ16 ዓመት ልጅስ? ሥልጣን አማና ነው። አማና ደግሞ ለሌላ በማስተላለፍ አይወርድም፤ ጥሩ ኒያም ሥራውን አሳምሮ መሥራትን አይተካም።

በግንባታና በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የምትውሉ ወንድሞቻችን! ከመውጣታችሁ በፊት «ቆጣሪው ጠፍቷል ወይ? ገመዱ በየት ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ፍርሃት አይደለም። ነገ ኃላፊ የምትሆኑት ደግሞ፣ ፊርማችሁ የማን ልጅ ጣሪያ ላይ እንደሚያወጣ አስቡ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።