የኮረኮንች ናፍቆትና የደረስጌ መንገድ

አውሮፓውያን አስፋልታቸውን ትተው ኮረኮንች ፍለጋ ወጥተዋል። ጎማው ሰፋ፣ ማርሹ በዛ ያለ ብስክሌት ይገዙና በፈረንሳይ ገጠር፣ በወይን እርሻና በጥንታውያን ገዳማት መካከል በሚያልፍ ነጭ የጠጠር መንገድ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲቅሙ ይውላሉ። በኢጣልያ ቶስካና እ.ኤ.አ. በ1997 «ሌሮይካ» የተባለው የብስክሌት ጉዞ ሲጀመር ከዓላማዎቹ አንዱ የአካባቢው ነጫጭ የጠጠር መንገዶች በአስፋልት እንዳይሸፈኑ መከላከል ነበር። እኛ አስፋልት ይምጣልን ብለን አቤት ስንል፣ እነርሱ አስፋልት አይምጣብን ብለው አቤት ይላሉ።

ውድ አንባቢ፣ ሳቅዎን ጥቂት ያቆዩልኝ። እኔም በመጀመሪያ ስቄአለሁ። ኋላ ግን ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ሳስብ፣ ቀልዱ ውስጥ ለእኛ የሚሆን ቁም ነገር አገኘሁበት።

ጠጠር የለበሰውን መንገድ እኛ «ፒስታ» እንለዋለን። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ጎማም፣ ፍሬንም፣ ካላማዳሪም እንዲሁ። የመንገድና የመሽከርከሪያ ቃሎቻችንን ካወረሰን ሕዝብ መካከል የመጣው ወራሪ ጦር ሊማሊሞንም ቆርጦ ትቶልን ሄዷል። በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ የወገራን ደጋ የሚያቋርጠው መንገድ ደባርቅን ካለፈ በኋላ ወልቀፊት ላይ ደጋው በድንገት ያልቅበታል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። መንገዱ የገደሉን ወገብ ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ዛሪማ፣ ወደ አዲ አርቃይ፣ ተከዜንም ተሻግሮ ወደ ሽሬ። ይህንን ቁልቁለት በአውቶቡስ የወረደ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የደገመውን ጸሎት። ጨፍኖ ስላለፈም የት እንዳለፈ አያውቅም።

ያለፈው በወልቀፊት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ይህንን በር የያዘው የጣልያን ጦር ገና ከምሽጉ አልወጣም ነበር። በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ቆይቶ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደርም በኅዳር ተከተለች። የነጻነት ቀን ብለን የምናከብረው ዕለት ለወልቀፊት ሰው አምስት ወር ያህል የቀደመ ቀጠሮ ነበር ማለት ነው። በዚህ ቁልቁለት በብስክሌት የሚወርድ ሰው እጁ በፍሬን ይዝላል፤ ጎማው በጠጠሩ ላይ ይንሸራተትበታል፤ በየኩርባው ይቆማል። ሲቆም ምሽግ ለምን እዚህ እንደ ተመረጠ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይገባዋል፤ ከላይ የቆመ ሁሉ ከታች የሚመጣውን ከሩቅ ያያልና።

ሆኖም ልቤ ያለው በሌላው መንገድ ላይ ነው። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው የጠጠር መንገድ ወደ ሳንቃበር፣ ከዚያም ወደ ጨነቅ ይወስዳል። ጎብኚ የሚያውቀው እስከዚህ ነው፤ ጭላዳ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ሲነጭ፣ ዋልያ በገደሉ ጫፍ ቆሞ ሲመለከት ፎቶግራፍ ያነሣና ይመለሳል። መንገዱ ግን አይመለስም። ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በቧሒት ትከሻ ያልፍና ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። በዚያ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ሦስት ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ከብስክሌቱ ወርዶ በጅባራዎቹ መካከል እየገፋ የማይሄድ ብርቱ ቢኖር ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ከቧሒት ማዶ ምን አለ? ደረስጌ ማርያም አለች። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር ረዳትነት ያሠሯት፣ ሊነግሡባትም ያሰቧት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል ነሣቸው። ለውቤ በተሰናዳችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» የተባለው እርሱ ሆነ። ዘመነ መሳፍንት ያበቃው፣ አንድ መንግሥት የሚለው ሕልም ዘውድ የጫነው በዚህች ደጋ ነው። ስለ ቴዎድሮስ የተጻፈውን ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ስለ መቅደላ እናለቅሳለን፤ ስለ ሴባስቶፖል መድፍ እንፎክራለን። ደረስጌን በዓይናችን ያየን ግን ስንት ነን?

የዚህ ምክንያቱ የጉብኝቱ ሥርዓት ይመስለኛል። በመኪና የሚመጣ እንግዳ ጠዋት የፋሲልን ግቢ ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ጭላዳ ያያል። አንዱ «ታሪክ»፣ ሌላው «ተፈጥሮ» ይባልለታል። ስሜን በዚህ ክፍፍል ውስጥ ታሪክ የሌለው የዱር አራዊት ማደሪያ ሆኖ ቀርቷል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ በ2017 ሲወጣ፣ ብዙ የተነገረው ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። ለፓርኩ ደኅንነት ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ቤታቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ መውረዳቸውን የሚያስታውስ ጎብኚ ጥቂት ነው። ለእንግዳ ዓይን ሲባል ከዚህ በላይ የሚነሣ ሰው እንዳይኖር እሻለሁ።

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደች ሴት ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ስሜንን ያቋረጠችው በቅሎ እየነዳች ነው፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ ጽፋለች። በቅሎም ሆነ ብስክሌት ለእኔ አንድ ወገን ናቸው። ሁለቱም ሲመሽ የሰው ደጅ ያስመታሉ። መኪና ያለው መንደሩን ዘሎ ሆቴል ይደርሳል፤ ብስክሌት ያለው ግን በመንደሩ «የመሸበት እንግዳ» ይሆናል፤ እግሩን ይታጠባል፣ ጠላ ይቀዳለታል፣ ወሬ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንድ የማይሸሸግ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚደረገው የብስክሌት ጉዞ በጎንደር በኩል ያልፍ ነበር። ተጓዦቹ ስለ አገራችን ሲጽፉ ከመልክዓ ምድሩ ውበት ቀጥሎ የሚያነሡት ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆችን ነው። ያሳፍራል፤ የሚያስተባብለው የለም። ነገር ግን ጉዳዩን በልጁ ዓይንም ማየት ይገባል። ባለ ብዙ ቀለም ልብስ የለበሱ ሰዎች በተራ በተራ እያለፉ ይሄዳሉ። ስሙን የጠየቀው የለም፤ ሰላም ያለው የለም፤ የቆመም የለም። የእኛ የእንግዳ ሥርዓት ቆሞ ሰላምታ ከመስጠት ይጀምራል። ሳይቆም የሚያልፍ ሰው እንግዳ አይባልም። ወላጅም መምህርም ልጁን ሊገሥጹት ይገባል፤ የጉዞው አዘጋጅም «በዚህ መንደር ውሃ ጠጥተን፣ ከመምህሩ ጋር ተነጋግረን እናልፋለን» ብሎ መርሐ ግብሩን ሊያስተካክል ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከገበሬው የሚመጣው ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወርድ ኮረኮንች ጌጥ አይደለም። ለጃናሞራ ገብስ ነጋዴ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ በናዳ ለሚዘጋበት ሾፌር፣ የቶስካናን ሰዎች አርአያ አድርጉ ብሎ መስበክ ድፍረት ነው። ስለዚህ አስፋልቱ ይምጣ፤ ዛሬ ነገ ሳይባል ይምጣ። እኔ የምለምነው ሌላ ነው። አዲስ መስመር በወጣበት ሁሉ አሮጌው መንገድ ለጎርፍ አይጣል። የድንጋይ ግንቡ ይጠገን፣ የውሃ መውረጃው ይጠረግ፣ ለእግረኛ፣ ለበቅሎና ለብስክሌት ይተው። ለአዲስ መንገድ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ይህ ፍርፋሪ ነው፤ ጥገናውም ለድብ ባሕርና ለዛሪማ ወጣት የቀን ሥራ ይሆናል።

ይህን ስጽፍ መንገዱ በቅርቡ ያየውን አልዘነጋሁም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ ሲገፋ በዚሁ ቁልቁለት የወጡት ጎብኚዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ያዘሉ ተፈናቃዮች ነበሩ። በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት በዓመቱ መጨረሻ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ወደ ሌላ ግጭት ገባ። ሰላም በሌለበት ስለ ሽርሽር ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ካለ እውነት አለው። መንገዱ ሲከፈት ግን በመጀመሪያ ማን ይሂድበት የሚለውን ከአሁኑ ማሰብ ይቻላል፤ እኔ የአገሩ ልጆች ይሂዱበት እላለሁ።

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከደባርቅና ከዳባት ትምህርት ቤቶች ዐሥር ዐሥራ አምስት ተማሪዎች ተመርጠው፣ አንድ የታሪክ መምህር፣ አንድ ጎማ መለጠፍ የሚያውቅ ሰውና ስንቅ የምትጭን በቅሎ ይዘው ቢነሡ፣ በመጀመሪያው ቀን ሳንቃበር፣ በሁለተኛው ጨነቅ ያድራሉ። በሦስተኛው ቀን በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ቧሒትን ይሻገራሉ። ጊዜው ኅዳር ቢሆን ይሻላል፤ ዝናቡ ቆሞ ጠጠሩ ይደርቃል፣ በጃናሞራ ገብሱ ይታጨዳል፣ የኅዳር ጽዮን ዕለትም በደረስጌ ማርያም ደጅ ቆሞ ማስቀደስ ይቻላል።