ዘግቶ መነሳትም ጨዋታ ነው

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኘው ወረታ ላይ ነው። እንዲህ ያለች የመንገደኛ ከተማ ደግሞ ፑል አያጣትም። በየከተማችን የለመድነው ጨዋታ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ተረኛው ስቲኩን ተደግፎ ይጠብቃል። በዚህ ልማድ የሚደነቀው ነጯን በሙሉ ጉልበቱ የሚመታ ነው። የማትገባ ኳስ መሆኗን አውቆ ነጯን ለተጋጣሚው በማትመች ቦታ ደብቆ የሚነሳ ግን “ፈሪ” ተብሎ ይሳቅበታል። ይህ ሳቅ ስህተት ነው እላለሁ። ተጫዋች የሚበስለው ምን ላለመምታት እንደሚወስን ሲያውቅ ነው፤ ይህንን ደግሞ ከሌሎቹ የፑል ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ስትሬት ፑል ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። 15 ኳሶች ይደረደራሉ፤ ቁጥራቸውም ቀለማቸውም ትርጉም የለውም፣ እያንዳንዷ የገባች ኳስ አንድ ነጥብ ናት። ተጫዋቹ የትኛዋን ኳስ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያስገባ አስቀድሞ ይናገራል፣ እስኪስትም ይቀጥላል። አንዲት ብቻ ስትቀር 14ቱ እንደገና ተደርድረው ጨዋታው ይቀጥላል። በትልልቅ ውድድሮች የተለመደው ግብ 150 ነጥብ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በዚህ ጨዋታ አንዲት ኳስ መሳት አንድ ተራ ብቻ አያሳጣም። ጠረጴዛው ለተጋጣሚ ተከፍቶ ከቀረ፣ የስቲኩ ባለቤት 14ቱን ጠርጎ፣ አስደርድሮ፣ እንደገና ሊጠርግ ይችላል። የሳተው ቁጭ ብሎ ያያል።

ለዚህም ነው ጨዋታው ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ በመከላከል የሚከፈተው። በለመድነው ጨዋታ ከፋቹ የተደረደሩትን ኳሶች ይበትናቸዋል። በስትሬት ፑል ግን የበተነ ለተጋጣሚው ማዕድ አቀረበ ማለት ነው። ከፋቹ ነጯን ወደ ድርድሩ የኋላ ጥግ ይልክና የዳር ኳሷን በስሱ ይነካል። ነጯ የጠረጴዛውን ጠርዞች እየነካች ዞራ ወደተነሳችበት ትመለሳለች፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥርም ትለጠፋለች። ከድርድሩ የወጡት ሁለት ኳሶችም ጠርዝ ነክተው ወደ ቦታቸው ይጠጋሉ። ደንቡ ነጯና ሌሎች ሁለት ኳሶች ጠርዝ እንዲነኩ ያስገድዳል፤ ያላሟላ 2 ነጥብ ይቀነስበታል። ምቱ ሲሳካ ድርድሩ ያልተነካ ይመስላል፤ ለተጋጣሚው የሚቀርለትም ሩቅና ጠባብ ምት ብቻ ነው። ምንም ኳስ አልገባችም፣ ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ ከዚህ የሚከብድ ምት ጥቂት ነው።

የመከላከልን ጥቅም በሒሳብ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል እንበል፦ አንድ ተጫዋች ከአሥር ሙከራ አራቱን የሚያሳካው ሩቅ ምት አለው፤ ሲሳካለት በአማካይ አምስት ኳስ ያስገባል፣ ሲስት ተጋጣሚው አሥር ያስገባል። በአሥር ሙከራ 20 ነጥብ አገኘ፣ 60 ሰጠ። ይህ ድፍረት ሳይሆን ኪሳራ ነው። ስትሬት ፑል ደግሞ ለአስተዋይ ሌላ በር ይከፍታል፤ ጥፋት የሚያስቀንሰው 1 ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ መውጫ የጠበበው ተጫዋች ሆን ብሎ ነጯን ነካ አድርጎ ከድርድሩ ጋር አጣብቆ፣ አንዷን ነጥብ ከፍሎ 14ቱን ሊያድን ይችላል። ይህም ገደብ አለው፦ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያጠፋ ተጨማሪ 15 ነጥብ ያጣል። ስለዚህ መከላከልም እንደ ማጥቃቱ ቆጠራና ልክ ይፈልጋል።

“ታላላቆቹ የሚታወሱት ባስገቡት ነው” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አሜሪካዊው ዊሊ ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ሳይስት በተከታታይ 526 ኳስ አስገብቷል። ጆን ሽሚት በ2019 626፣ ጄሰን ሾው በ2022 714 አድርሰውታል። ነገር ግን የኋለኞቹ ሁለቱ ቁጥሮች የተመዘገቡት ለክብረ ወሰን ተብሎ በተዘጋጀ ሙከራ እንጂ ተጋጣሚ ተራ እየጠበቀ አይደለም። ተጋጣሚ ባለበት ረጅም ጥረጋ የሚጀምረው አንዱ ወገን ሲሳሳት ነው፤ ያንን ስህተት የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የተደረገው የመዝጋት ፍልሚያ ነው።

“መደበቅ የእኛ ባህል አይደለም” ለሚለውም የራሳችን ጨዋታዎች ይመልሱለታል። በአገራችን ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው መብላት በፊት ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ጦሩን ያሰናዳል። የገበጣ አዋቂም ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የሚያገኘውን ብቻ ሳይሆን ለሌላው የሚተወውን ይቆጥራል። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ገበሬ ደግሞ ነገሩን በማሳው ያውቀዋል። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ከውኃው ጋር ግብግብ አልገጠመም፤ ውኃ የሚችለውን ሩዝ ዘራ። ውኃው ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ያስከትላል። ዛሬ አገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመው እዚሁ ፎገራ ነው። ጊዜውን ጠብቆ የዘራውን ገበሬ ፈሪ የሚለው የለም።

ስትሬት ፑል በየፑል ቤቱ ይለመድ ሲባል ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የፑል ቤቱ ባለቤትና የወላጅ ነው። ባለቤቱ በጨዋታ ቁጥር ስለሚያስከፍል ረጅም ጨዋታ ገቢ ይቀንስበታል፤ ወላጁ ፑል ቤትን የሚያውቀው በቁማርና በሥራ ፈትነት ነው። የባለቤቱ ችግር መፍትሔ አለው፦ በሰዓት ማስከፈል፣ ወይም ግቡን ከ150 ወደ 30 ማሳጠር። የወላጁ ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ ስትሬት ፑል ቁማርን ያስቀራል ብዬ አልዋሽም። ሆኖም በአጭር ጨዋታ አንድ የዕድል ምት ውጤቱን ይገለብጣል፤ ቁማርተኛም የሚወደው ይህንኑ ነው። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ዕድል እየሳሳ ችሎታ ይለያል።

ለመጀመር ሌላ ጠረጴዛ አያስፈልግም። ያው 15 ኳስ፣ ያው ስቲክ፣ ነጥብ የሚይዝ አንድ ሰው ይበቃል። ጀማሪ ለአንድ ሳምንት የመክፈቻውን ምት ብቻ ይለማመድ፤ ነጯ ከላይኛው ጠርዝ ምን ያህል ርቃ እንደቆመች በስንዝር ይለካ። በሁለተኛው ሳምንት ድርድሩን በስሱ ነክቶ መመለስን ያጥና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በፑል ግን ያፈሰሰው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ ነው።